ሳይፈታ የቆየው እጥፋት

የልጄ ሕመም የመጀመሪያው ምልክት የዩኒፎርም ቀሚሷ ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኡራኤል አካባቢ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነው የኖርኩት። የልጅ ቀሚስ ስሰፋ ከታች አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ። ልጅ ያድጋል። በዓመቱ እናቱ ቀሚሱን ይዛ ትመጣለች፤ እጥፋቱን እፈታላታለሁ፤ ቀሚሱ አንድ ዓመት ይጨምራል። የማሂንም እንደዚሁ ነበር የሰፋሁት። ማሂ ሙሉ ስሟ ማህሌት ነው፤ አንድ ልጄ ናት። ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ቀሚሱን አለበስኳትና ተንበርክኬ ጫፉን አየሁት። አምና ከነበረበት ከጉልበቷ ላይ ንቅንቅ አላለም። ስፌቱን ልፈታበት የያዝኩትን ምላጭ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ዘንድሮ ቀሚስ አተረፍን» አልኩት ለባለቤቴ ለታደሰ።

«በእኔ ወጥታ ነው፤ እኔም ዘግይቼ ነው የረዘምኩት» አለ። ታደሰ ረጅም ሰው አይደለም። ሁለታችንም ሳቅን።

ያን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። የብዙ ሰው ልጅ ስለካ የምውል ሴት ነኝ፤ የራሴን ልጅ በቀሚሱ አይቻት አላወቅኋትም።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው እየበላ ለማይፋፋ እናቶች ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሐኪሞቹን ቃል እንደሰማሁት አስቀምጣለሁ፤ ያልገባኝን አልጨምርም።

በዚያው ዓመት ሆዷ መነፋት ጀመረ። ምግብ ከበላች በኋላ ይወጠራል፤ እጅና እግሯ ግን ይቀጥናል። ሰገራዋ የገረጣና ብዙ ነበር፤ ሽታው ይከብዳል፤ ፖፖው ላይ ውሃ ሳፈስበት ይንሳፈፋል። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ነገር ግን በመጨረሻ በሽታዋን ያገኘላት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ስለሆነ እናንተም ለማየትና ለመናገር አትፈሩ። አፏ ውስጥ ቁስል ይወጣባታል። ጸጉሯን ስሠራት ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። አንድ ቀን መምህሯ አስጠርታኝ «ማህሌት ጠመኔ ትበላለች» አለችኝ። ቤት ስንገባ ጠየቅኳት።

«ይጣፍጠኛላ» አለች።

ቆነጠጥኳት። የደም ማነስ ያለበት ልጅ ጠመኔና አፈር፣ የግድግዳ ኖራም ሳይቀር እንደሚያምረው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሐኪም ቤት ከመመላለስ አልቦዘንንም። መጀመሪያ አሜባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ጨረሰች። ቀጥሎ ጃርዲያ ተባለ። የወስፋት መድኃኒትም ወሰደች። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብሎ መርፌ ተወጋች። ሐኪሞቹን አልወቅስም። በእኛ ሰፈር በእነዚህ በሽታዎች የሚታመመው ልጅ ብዙ ነው፤ እነሱም ብዙ ጊዜ ያዩትን አከሙ። በየመድኃኒቱ መሀል ትንሽ የተሻላት ይመስለኝና ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል።

«እንጀራው ኮምጣጣ ነው፤ ለሆዷ ለስላሳ ነገር ስጫት» አለኝ አንዱ ሐኪም።

እትዬ አልማዝም ይህንኑ አሉ። እትዬ አልማዝ ካዛንቺስ ስንኖር የግቢያችን ታላቅ ሴት ነበሩ። ቤታችን ከቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር፤ ማሂ ስታስል ከእኔ እኩል ይሰሟት ነበር። «እርሾ ያለው ነገር ለታመመ አንጀት አይሆንም፤ አንቺ ደግሞ ጠዋት ማታ እንጀራ ትጠቀጥቂባታለሽ። በሶ በጥብጪላት፣ አጥሚት አጠጫት» አሉኝ።

እኔም እሺ ብዬ እንጀራ አቆምኩባት። ጠዋት የገብስና የአጃ አጥሚት፣ ምሳ ቂንጬ ወይም መኮሮኒ፣ መክሰስ ዳቦ በሻይ፣ ማታ በሶ። ገብሱን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ ቆልቼ፣ ወፍጮ ቤት ራሴ ቆሜ ነበር የማስፈጨው። ሰው እጅ ላይ አልጥለውም ነበር። ለልጄ መርጬ፣ አጥቤ፣ አስፈጭቼ ያበላኋት ነገር ሁሉ አንጀቷን የሚያቆስለው ነበር። የተውኩባት እንጀራ ደግሞ የሚስማማት ነበር። ይህን ዛሬም ሳስበው እጄ ሥራ ይፈታል።

ማሂ መብላት ጠላች። እኔ ደግሞ መብላቷን እንጂ ሌላ ነገር አላይም ነበር። ጭኖቼ መሀል አስቀምጬ፣ አገጯን ይዤ አጎርሳታለሁ። «አንዴ ለእማዬ፣ አንዴ ለአባዬ» እላለሁ። እንባዋ ከምግቡ ጋር ይወርዳል። አንድ ቀን አፏን በእጇ ከድና እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ ምግቡ እኮ ነው የሚያሳምመኝ።»

«ምግብ ሰው አያሳምምም፤ ምግብ ያጣ ነው የሚታመመው» አልኳትና እጇን ከአፏ ላይ አነሳሁት።

ልጄ በሽታዋን ነግራኝ ነበር። ከሐኪሞቹ ሁሉ በፊት።

ሦስተኛ ክፍል መሀል ላይ ትምህርት አቋረጠች። እግሯ አበጠ። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ከንፈሯ ነጣ። ከበር እስከ አልጋ ስትሄድ ታርፋለች። ታደሰ አቅፏት ነበር የሚያወጣት የሚያስገባት። ክብደት አልነበራትም። «የዓመት ልጅ እያለች ይልቅ ትከብድ ነበር» አለኝና ፊቱን አዞረ። የሚቀልደው ባሌ ያኔ ቀልዱን አቆመ።

ሆስፒታል ተኛች። ደም ተሰጣት። አንዱ ሐኪም «የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላል» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል» አለ። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈራሁ። አጠገባችን የተኛው ልጅ ሞተ። እናቱ የልጇን ጫማ በፌስታል ይዛ ወጣች። ማሂ አይታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብርድ ልብሷን እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት።

ከዚያ ዶክተር ዮናስ መጡ። የአንጀት ስፔሻሊስት ናቸው፤ ለምክር ተጠርተው ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ችኮላ የሌለባቸው ሰው ነበሩ። ስለ ሰገራዋ ጠየቁኝ። ከመቼ ጀምሮ እድገቷ እንደቆመ ጠየቁኝ። ስለ ቀሚሱ ነገርኳቸው። ሌላው ሰው ቢሰማው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ» አሉ።

ደሟ ተወሰደ፤ አንዱ ምርመራ እዚህ ስለማይሠራ ወደ ውጭ አገር ተላከ። ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ አደረጉላት። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይደርሳል። ከዚያ ከአንጀቷ ግድግዳ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ይወስዳሉ፤ ባዮፕሲ ይባላል። እንድትተኛ መድኃኒት ሰጥተዋት ስለነበር አላመማትም። እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የነጠላዬን ጥለት ስቆጥር ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ እኔንና ታደሰን ክፍላቸው አስገቡን። «ቲቢ አይደለም። ካንሰርም አይደለም። ሲሊያክ የሚባል በሽታ ነው» አሉ። ስሙን ሰምተነው አናውቅም። ታደሰ «ይድናል?» አለ።

«መድኃኒቱ ምግብ ነው። መጀመሪያ ግን ምግብ ሰው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ላስረዳችሁ፤ ይህን ካልተረዳችሁ የምነግራችሁን ቤት ስትገቡ ትተዉታላችሁ።»

እንደነገሩኝ ልጻፈው። ምግብ አፍ ውስጥ በጥርስ ይደቃል፤ ምራቅም ማሟሟት ይጀምራል። ጨጓራ ደግሞ በአሲድ እያሸ ወደ ሾርባነት ይለውጠዋል። ከዚያ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ከጉበት የሚመጣው ሐሞት ቅባቱን ይበትነዋል፤ ቆሽት የሚያፈልቀው ፈሳሽ ደግሞ የቀረውን እየቆራረጠ ዓይን የማያየው ያህል ያደቅቀዋል። እንጀራውም፣ ሥጋውም፣ ሽሮውም እዚህ ሲደርስ መልኩ ይጠፋል።

«አሁን በደንብ ስሙኝ» አሉ። «ልጃችሁ በላች ማለት ምግቡ ወደ እሷ ገባ ማለት አይደለም። አንጀት ውስጥ እስካለ ድረስ ገና በር ላይ ነው። ወደ ልጅቷ የሚገባው በአንጀቷ ግድግዳ አልፎ ወደ ደሟ ሲሻገር ነው። አጥንት የሚሆነው፣ ደም የሚሆነው፣ ቁመት የሚሆነው ያ የተሻገረው ብቻ ነው።»

ተነሥተው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ የተሰቀለውን ፎጣ አወረዱ። ጣታቸውን ላዩ ላይ አንሸራተቱበት። «ይህ ጸጉሩ ነው ውሃውን የሚመጠው። የአንጀታችን የውስጥ ግድግዳም እንዲህ ያሉ በጣም ጥቃቅን ጸጉር መሳዮች አሉት፤ ቪላይ ይባላሉ። የልጃችሁ ረግፈዋል። ግድግዳው ለስልሶ እንደ ላስቲክ ሆኗል። ምግቡ ይመጣል፣ የሚመጠው የለም፣ ያልፋል።»

እኔ ጨርቅ አውቃለሁ። ያለቀ ፎጣ ገላ ላይ ውሃውን እያንሸራተተ እንደሚቀር አውቃለሁ። ከዚያን ቀን በፊት የነገሩኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ይህ ግን ገባኝ። አገጯን ይዤ ያጎረስኳት ያ ሁሉ ጉርሻ በር ላይ ደርሶ ሲመለስ ታየኝ።

«ማን አረገፈው?» አልኩ።

«ግሉተን የሚባል ነገር። ስንዴ ውስጥ አለ፣ ገብስ ውስጥም አለ። ብዙ ሰው ቢበላው ምንም አይሆንም። የእሷ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ሊዋጋው ሲነሣ የገዛ አንጀቱን ይመታል። ስትወለድም ለዚህ የሚያጋልጥ ነገር ይዛ ነው የተወለደችው፤ እናንተ አላመጣችሁባትም። አጃውንም አቁሙት፤ እዚህ ገበያ ላይ ያለው ከገብስና ከስንዴ ጋር የተቀላቀለ ነው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ይህ በሽታ ሌላ አገር ያለውን ሰው ምን ልብላ ያሰኘዋል። እናንተ ጤፍ አላችሁ። ጤፍ ግሉተን የለበትም። እንጀራ አብሏት።»

ታደሰ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ቤት ስንገባ በሶውን፣ የአጥሚት ዱቄቱን፣ መኮሮኒውን ለጎረቤት ሰጠሁ። የዳቦ መሶቡን ሳይቀር አወጣሁ። ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ሌላ እህል ስለሚደባለቅበት ጤፍ ገዝቼ ማስፈጨት ጀመርኩ። ማሂ እንጀራ በምስር፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል መብላት ጀመረች። የእግሯ እብጠት ጎደለ። አንድ ቀን ሳላስበው «እማዬ ራበኝ» አለችኝ። ራበኝ ብላ አታውቅም ነበርና ወጥ ልጨልፍ ሄጄ ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ለጥቂት ወራት ከተሻላትና ትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላ መሻሏ ባለበት ቆመ። ሆዷ አልፎ አልፎ ይነፋል። ደሟ የብረት መድኃኒት እየወሰደች እንኳ እንደሚገባው አልጨመረም። ቁመቷም አልጨመረም። ዶክተር ዮናስ በየቀጠሮው «ስንዴ ይገባባታል?» ይሉኛል። «በፍጹም» እላለሁ። ብስኩት? በፍጹም። ፓስታ? ቤታችን ውስጥ የለም። ወፍጮው? ስንዴ ከፈጨ በኋላ የእኔን ጤፍ አላስፈጭም። በመጨረሻ አኮረፍኳቸው። እንደ እኔ የምትጠነቀቅ እናት አለች ወይ እያልኩ ታክሲ ውስጥ ለታደሰ አጉረመረምኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ እኔን ትተው ማሂን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ማሂዬ፣ አንቺና እኔ ብቻ እናውራ። እማዬ አትቆጣሽም። ትምህርት ቤት ከጓደኞችሽ ዳቦ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አልቀምስም። አንድ ልጅ ሳምቡሳ ሰጥታኝ እምቢ ብያታለሁ።»

«ጎበዝ። ቤትስ?»

«ቤት ዳቦ የለም። የኪዳነ ምሕረትን ብቻ ነው የምበላው።»

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

«ዳቦ አይደለም እኮ ዶክተር» አልኳቸው። «በረከት ነው።»

በግቢያችን በየወሩ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነበረን። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ድፎ ዳቦውን ባርከው ይቆርሱታል፤ ለሁሉም ይታደላል። ማሂ ከታመመች ወዲህ እትዬ አልማዝ ከሁሉ ትልቁን ቁራሽ «ይህ የበሽተኛዋ ነው» ብለው ለእሷ ያስቀምጡ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ወስጄ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አደርቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ከእሱ ቆርሼ ከቂርቆስ ባመጣሁት ጠበል አቀምሳታለሁ። ወሩን ሙሉ። አንድም ቀን አላስታጎልኩም። ዶክተሩ «ስንዴ ይገባባታል?» ሲሉኝ አልዋሸሁም። ያ ቁራሽ ከምግብ ጋር ተቆጥሮ አያውቅም ነበር።

ዶክተሩ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«እናቴም ማኅበር አላት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስሄድ ከእሷው እጅ ነው የምቀበለው። ስለ በረከቱ እኔ የምናገረው የለኝም። ዳቦው የተጋገረው ግን ከስንዴ ነው፤ አንጀቷ የሚያገኘው ስንዴውን ነው። ፍርፋሪም ቢሆን በየቀኑ ከሆነ ቁስሉ አይድንም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ማሂ እጄን ይዛ «እማዬ፣ ባልናገር ይሻል ነበር?» አለችኝ። መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አቀፍኳት። ሕመሟን የነገረችኝ ቀን እጇን ከአፏ ላይ ስላነሳሁ፣ እውነት መናገር ያስቆጣ ይሆን ብላ የምትፈራ ልጅ አድርጌያት ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ለእትዬ አልማዝ መንገር ነው። ሰው በሌለበት ጠብቄ ገባሁ። ሰሙኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የሺ» አሉኝ፤ ሲያኮርፉ የሺዬ አይሉኝም። «በእናቴ በኪዳነ ምሕረት ዳቦ የታመመ ሰው አይቼ አላውቅም። ሐኪሙ ሃይማኖቱ ምንድነው?»

«እሳቸውም ማኅበር አላቸው እትዬ። ስንዴው ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ልጅቷን ከማኅበር ልታስቀሪያት ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። የምሬን ነበር።

ሳምንት ያህል ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ። በግድግዳው በኩል ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ። እኔም ሁለት ልብ ሆኜ ነበር፤ አንድ ጠዋት የደረቀውን ቁራሽ ከነጨርቁ አውጥቼ ይዤ ቆምኩ፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብሰጣት ብዬ አሰብኩ። ከእኔ የተሻለ የሚያውቁትን የንስሐ አባታችንን ሄጄ ጠየቅኩ። «ልጄ፣ የኪዳነ ምሕረት በረከት የሚያልፈው በስንዴ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? ጠበሉን አጠጫት፤ ዳቦውን አንቺ ብዪላት» አሉኝ። ስለ ቅዱስ ቁርባን እዚህ አልጽፍም፤ ያንን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይጨርሰው።

የማኅበሩ ቀን ማሂ ከኋላዬ ተደብቃ ተቀመጠች። ጸሎቱ ደረሰ፤ ቄሱ ሊባርኩ ሲሉ እትዬ አልማዝ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በትንሽ ሰፌድ ላይ አንድ ነገር ሸፍነው ይዘዋል። ከድፎው ራቅ አድርገው ቄሱ ፊት አስቀመጡትና ገለጡት። የጤፍ ቂጣ ነበር፤ ጥቁር፣ ትንሽ፣ ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ።

«ይህንንም ይባርኩልን አባ። የበሽተኛዋ ነው» አሉ።

ቄሱ ባረኩት። እትዬ አልማዝ በራሳቸው እጅ ቆርሰው ለማሂ ሰጧትና ወደ እኔ ዞር አሉ። «ሰፌዱም አዲስ ነው፣ ጤፉንም ራሴ ነኝ የለቀምኩት፤ አንቺ ደግሞ መጠርጠር ስለማይሰለችሽ ነው የምነግርሽ» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ፈርሶ ሁላችንም እስክንበተን ድረስ በየወሩ ያ ቂጣ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በዝግታ፣ አንዱን ቀን ከሌላው ለይቼ ሳላየው፣ ልክ ክረምት ሲወጣ ሣሩ መቼ እንደበቀለ ሰው እንደማያስተውለው ሁሉ፣ የልጄ ጉንጭ እየሞላ፣ ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ መቅረቱን እየተወ፣ ግቢው ውስጥ ከልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ድምፅዋ ከሁሉ በላይ እየተሰማ ያለፈ ነው። አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ራሷ እየለበሰች ነበር፤ እኔ ሻይ ስቀዳ ታደሰ «አንቺ፣ ይህች ልጅ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል እኮ፤ ትምህርት ቤት ይመልሷታል» አለኝ። ያ የድሮው ቀሚስ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳለ የኖረው።

ተንበርክኬ ምላጩን አወጣሁ። ስፌቱን ስፈታ ቸኩዬ ሁለት ቦታ ጨርቁን ቆረጥኩት። እጥፋቱ ሲወርድ ከውስጥ የነበረው ጨርቅ ገና እንደ አዲስ ደማቅ ሰማያዊ ነበር፤ ከላይ ያለው በእጥበትና በፀሐይ ነጥቷል። ቀሚሱ ሁለት ቀለም ሆነ። «አውልቂው፤ ዛሬውኑ አዲስ እሰፋልሻለሁ» አልኳት።

«ይህንን ነው የምለብሰው» አለች። «መርዘሜ ይታይ።»

እንደዚያው ለብሳው ሄደች።

ዛሬ ማሂ ትልቅ ሰው ናት። ሥራ አላት፤ ምሳዋን በምሳ ዕቃ ቋጥራ ትሄዳለች፤ ደምበል አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ስትቀመጥ ኬኩን ለእነሱ ትታ ሻይዋን ትጠጣለች። ጤነኛ ናት። ቁመቷ ግን ከትከሻዬ አያልፍም፤ እኔም ረጅም አይደለሁም። ዶክተር ዮናስ «ብዙውን አስመልሳለች፤ ያለፈው ጊዜ የወሰደውን ሁሉ ግን አንጀት ስለዳነ ብቻ መመለስ አይቻልም» ብለውኝ ነበር። እሷ ስለዚህ አንስታ አታውቅም። ታክሲ ውስጥ ቆማ እጀታው ጋ ለመድረስ ስትንጠራራ ሳያት ግን እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ያ የቀረው ቁመት ጣት የማይሞላ ይሁን ብዙ ይሁን አላውቅም፤ በእኔ እጅ እንደቀረ ግን አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን። የቀሚስ ነገር ሲሰሙ ያልሳቁትን ሐኪም፣ ከኩርፊያቸው ተነሥተው ጤፍ የለቀሙትን እትዬ አልማዝን፣ ያንን ሁሉ የሆስፒታል ደረጃ ልጃችንን አቅፎ የወጣውን ታደሰን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ልጃችሁ እየበላ ካልጨመረ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ደሙ ከወረደ፣ በአሜባ መድኃኒት ብቻ አትርኩ፤ ስለ ሲሊያክ ሐኪሙን ጠይቁት። ግን ምርመራው ሳይደረግ በራሳችሁ ስንዴ አታቁሙ፤ ካቆማችሁ ምርመራው ላያገኘው እንደሚችል ዶክተሩ ነግረውኛል። ከተረጋገጠ በኋላ ግን ከስንዴና ከገብስ የሆነ ነገር ሁሉ፣ በሶውም፣ ቂንጬውም፣ የገብስ ቆሎውም ይቅር፤ የሱቅ እንጀራም ምን እንደገባበት ካላወቃችሁ አትመኑት። ሐኪም ምን በላ ሲላችሁ ወደ አፉ የገባውን ሁሉ ንገሩ፤ ምግብ ነው የምትሉትንም፣ ምግብ አይደለም የምትሉትንም። ልጁ ያሳምመኛል ካላችሁ ደግሞ ጉርሻውን አስቀምጡና ስሙት።

እኔ አሁንም ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ጫፉን ለማየት እንበረከካለሁ። አንዳንዴ የአምናው እጥፋት ሳይፈታ በቂ የሆነለት ልጅ ይመጣል፤ እናትየዋም እንደ እኔ «ቀሚስ አተረፍን» ብላ ትስቃለች። እኔ አብሬያት አልስቅም። ሜትሩን አንገቴ ላይ አደርግና ወንበር ስቤላት «ትንሽ ተቀመጪ፤ ስለ ልጅሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» እላታለሁ።